ጅቡቲ ለመዋኘት ፊን ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ደብረ ብርሃን ላይ የኅዳር ውርጭ ጀምሯል። ይህን የምጽፍላችሁ ጋቢ ደርቤ፣ አጠገቤ ትኩስ ሻይ አስቀምጬ ነው። ርዕሱን አይታችሁ «ዶክተሩን ምን ነካው? እኛ በብርድ እየተንቀጠቀጥን እሱ ስለ ባህር ዋና ያወራል» እንዳትሉኝ። ጥያቄው የመጣው ከዚሁ ከውርጩ ከተማ ነው።

አንዲት የገጻችን ተከታታይ ባለፈው ሳምንት ኢንቦክስ ጻፈችልኝ። እዚሁ ከተማችን ባንክ ውስጥ ትሠራለች፤ ስሟን አልጠቅስም፣ ጥያቄዋን እንዳቀርበው ግን ፈቅዳልኛለች። እንዲህ ትላለች፦

«ዶክተር፣ ለገና ሰሞን ከጓደኞቼ ጋር ጅቡቲ ልንሄድ ነው። ቅዳሜ ከዌል ሻርክ ጋር እንዋኛለን፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ ስኩባ እንሞክራለን። እሑድ ማታ አዲስ አበባ እንገባና ሰኞ በሌሊት ተነስተን ደብረ ብርሃን ሥራ እንገባለን። ፊን ገዝቼ ልሂድ ብዬ ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። አንዱ አጠር ያለ ለስላሳ ነው፣ አንዱ ረጅምና ጠንካራ፣ አንዱ ደግሞ መሃሉ የተሰነጠቀ። ሻጩ ‹ረጅሙ ፈጣን ነው፣ እሱን ውሰጂ› አለኝ። እኔ ግን ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ባቴን ይሸመቅቀኛል። የቱን ልግዛ?»

መልእክቷን ሳነብ ሁለት ነገር ደነገጥኩ። አንደኛው ረጅሙ ፊን ነው፤ ምክንያቱን ከራሴ ታሪክ ታዩታላችሁ። ሁለተኛውን እሷ እንደ ጥያቄ እንኳ አላቀረበችውም፤ የመመለሻ ፕሮግራሟ ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው። ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እመጣለሁ፣ እባካችሁ እስከዚያ አትሂዱብኝ።

ለማታውቁት፣ ፊን ማለት ያ እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋው የዋና ጫማ ነው። ሁለት ክፍል አለው፦ እግር ማስገቢያውና ውሃ የሚገፋው ጠፍጣፋ መቅዘፊያ። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት ፈረንሳዊው ሉዊ ደ ኮርሊዩ በ1933 (በፈረንጆቹ) የፈጠራ መብት አስመዘገበበት፤ ከዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባህር ኃይል ጠላቂዎች ተጠቀሙበትና በዓለም ተሠራጨ። ታሪኩ ይብቃን፣ ወደ እግራችን እንመለስ።

ውሃ ከአየር ወደ 800 እጥፍ ይከብዳል። ባዶ እግራችሁን ስታወራጩ ትንሽ ውሃ ብቻ ነው የምትገፉት፤ ፊን ስታደርጉ ግን በአንድ ምት ብዙ ውሃ ትገፋላችሁ። ይህ ጥሩ ነው። ግን ያ ሁሉ ውሃ መልሶ እናንተን ይገፋል። የሚገፋው ደግሞ ቁርጭምጭሚታችሁን፣ ባታችሁን፣ የጉልበታችሁን ሎሚና ዳሌያችሁን ነው። ስለዚህ «የቱ ፊን ፈጣን ነው?» ከማለት በፊት «የእኔ እግር የቱን መሸከም ይችላል?» ማለት ይቀድማል።

ማርሽ የነዳችሁ ሰዎች ወዲያው ይገባችኋል። ረጅምና ጠንካራ ፊን ማለት አራተኛ ማርሽ ነው። ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ጠንካራ ከሆነ ይሸመጥጣል። ግን በአራተኛ ማርሽ ከደብረ ሲና ተነስታችሁ ጣርማ በርን ልውጣ ብትሉስ? ሞተሩ ያቃስታል፣ ከዚያ ይጠፋል። ለስላሳና አጠር ያለ ፊን ሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ትመታላችሁ፣ እያንዳንዱ ምት ግን ቀላል ነው። አዲስ ዋናተኛ በሁለተኛ ማርሽ ነው መጀመር ያለበት።

አሁን የራሴን ላውራ። ከሁለት ዓመት በፊት ከኮሌጅ ጓደኞቼ ጋር ይሄንኑ ጉዞ ሄጄ ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት የምሮጥ ሰው ነኝ። ደጋ ላይ ያደገ ሳንባ፣ የሩጫ እግር፣ በዚያ ላይ ዶክተር፤ ምን አለፋችሁ፣ ትዕቢት ሙሉ ነበርኩ። ሱቅ ገብቼ ከሁሉም ረጅሙንና ጠንካራውን ፊን አነሳሁ። በኋላ ሳውቀው ያ ፊን ያለ አየር ሲሊንደር ትንፋሻቸውን ይዘው ጠልቀው ለሚወጡ የሠለጠኑ ሰዎች የሚሠራ ነው። እነሱ በቀስታና በትልቁ ነው የሚመቱት፣ ቁርጭምጭሚታቸው ደግሞ ለዚያ የተገራ ነው።

ታጁራ ሰላጤ ላይ ከጀልባ ወረድን። ዌል ሻርክ በዓለም ትልቁ ዓሣ ነው፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ሰው አይነካም፣ ጥቃቅን የባህር ፍጥረታትን ከውሃ እያጣራ ነው የሚበላው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ እዚያ ይመጣል። አንዱ በአጠገቤ አለፈ። ምንም ሳይቸኩል፣ ጭራውን ወዲያና ወዲህ እያለ። እኔ ደግሞ ልከተለው ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ መምታት ጀመርኩ። አሥር ደቂቃ የሞላኝ አይመስለኝም፣ የቀኝ ባቴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ክራምፕ። ቀና ስል ጀልባው ሩቅ ነው፣ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደኛል። ጨው ውሃ ዋጥኩ፣ ትንፋሼ ተቆራረጠ። አስጎብኚው ደርሶ የፊኑን ጫፍ ይዞ ወደ ፊቴ ሲገፋልኝ ነው ባቴ የተፈታው። ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ እየጎተተ ወደ ጀልባው አደረሰኝ። ጓደኞቼ እስካሁን ቡና በጠጣን ቁጥር ያነሱታል።

ምን ሆኜ ነው? እዚህ ጋ ትንሽ አናቶሚ ታገሡኝ። ፊን ሲመታ እግራችን ጣቱን ወደ ፊት እንደሚያሾል የባሌ ዳንሰኛ ተዘርግቶ ይቆያል። በዚህ ጊዜ የባት ጡንቻ አጥሮ ነው የሚሠራው፤ ያጠረ ጡንቻ ደግሞ ሲደክም መሸምቀቅ ይቀናዋል። የሯጭ ቁርጭምጭሚት በአብዛኛው ግትር ነው። መሬት ላይ ግትር መሆኑ ይጠቅማል፣ እንደ ስፕሪንግ ይመልሰናል። ውሃ ውስጥ ግን የጎደለውን መታጠፍ ባት በግድ ሊሞላው ይታገላል። ስለዚህ «ሯጭ ነኝ፣ ጠንካራ እግር አለኝ፣ ጠንካራ ፊን ይገባኛል» የሚለው ሒሳብ የተገላቢጦሽ ነው።

ራሳችሁን አሁኑኑ መፈተሽ ትችላላችሁ። ምንጣፍ ላይ እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ፣ ተረከዛችሁ መሬት እንደነካ የእግራችሁን ጣቶች ወደ ፊት ወደ መሬቱ አሹሉ። የእግራችሁ ጀርባ ከቅልጥማችሁ ጋር ቀጥ ወዳለ መስመር ከቀረበ ቁርጭምጭሚታችሁ ለፊን ይመቻል። ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ካቆመና ባታችሁ መጨነቅ ከጀመረ (የእኔ እንደዛ ነው) ለስላሳውን ምረጡ፣ ጉዞው እስኪደርስም በየቀኑ ቁርጭምጭሚቱን አፍታቱት።

እሺ፣ ወደ ዓይነቶቹ። መጀመሪያ እግር ማስገቢያውን እንይ፣ ምክንያቱም ቁስለትና ሕመም የሚመጣው ከዚያ ነው። አንደኛው ዓይነት እንደ ሸራ ጫማ ሙሉ እግር የሚገባበት ነው፤ ተረከዝንም ይሸፍናል፣ በባዶ እግር ወይም በስስ ካልሲ ይደረጋል። ቀላል ነው፣ ለሞቃት ባህርና ከጀልባ ለሚወርድ ሰው ምቹ ነው። የጅቡቲ ባህር ሞቃት ስለሆነ ላይ ላዩን ለመዋኘት ይሄ ይበቃል። ሁለተኛው ተረከዙ ክፍት ሆኖ ከኋላ በማሰሪያ የሚጠብቅ ነው። ይሄኛው ውስጡ ወፈር ያለ የላስቲክ ቡትስ ይፈልጋል። ስኩባ የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙት ይሄንን ነው፤ ከባህር ዳር በእግራችሁ እየተራመዳችሁ የምትገቡ ከሆነም ቡትሱ ከስለታም ድንጋይ፣ ከኮራልና ከባህር ጃርት እሾህ ያድናችኋል። ያለ ቡትስ ይህንን ፊን ማድረግ ግን ቁርጭምጭሚታችሁን መላጥ ነው። ብዙ ሰው ፊኑን ይገዛና ቡትሱን «ለምኔ» ይለዋል። ወይ ሁለቱንም ግዙ ወይ ሁለቱንም ተዉ።

ከዚያ መቅዘፊያው። ርዝመቱንና ልስላሴውን አወራን። የተሰነጠቀው ደግሞ እንደ ዓሣ ጭራ ለሁለት ተከፍሎ በአጭርና በፈጣን ምት የሚሠራ ነው። ውሃው በስንጥቁ ስለሚያልፍ በባትና በጉልበት ላይ ያለው ጫና ቀለል ይላል፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ጉድለቱ ጠንከር ያለ ጅረት ሲመጣ ወይም እንደ እንቁራሪት እየረገጡ መዞርና ወደ ኋላ መመለስ ሲፈለግ አቅም ያንሰዋል። ለአዲስ ሰው፣ አስጎብኚ አጠገቡ ላለ፣ ረጋ ባለ ውሃ ይህ ያን ያህል ችግር አይደለም። ጥቁር ወፍራም ጎማ የሆነው፣ ቀዳዳ ያለው ከባድ ፊንም አለ፤ እሱ የባለሙያ ነው፣ ለአሁኑ እለፉት።

ስለ ጉልበት ሕመም ትንሽ ልጨምር። እህታችን እንደገለጸችው ደረጃ ሲወርዱ የሚያም ጉልበት ብዙ ጊዜ ችግሩ ከሎሚው ጀርባ ነው። እንዲህ ዓይነት ጉልበት ጠንካራ ፊንን አይወድም፣ ምክንያቱም የፊት ጭን ጡንቻ በኃይል በሳበ ቁጥር ሎሚው ይጨመቃል። ከፊኑ እኩል የሚጎዳው ግን አመታቱ ነው። ጀማሪ ሁሉ ውሃ ውስጥ ብስክሌት ይነዳል፤ ጉልበቱን አጥፎ ይረግጣል። ምቱ መነሳት ያለበት ከዳሌ ነው፣ ጉልበት በጥቂቱ ለቀቅ ብሎ፣ እግር ረዘም ብሎ። እንደ እንቁራሪት የሚረገጠው ምት ደግሞ የጉልበትን የውስጥ ጎን ጅማት ስለሚወጥር ለጊዜው ይቅርባችሁ። ከጉዞው በፊት አዲስ አበባ ካሉት የሆቴል ገንዳዎች በአንዱ ሁለት ሦስት ቀን መለማመድ ከየትኛውም ውድ ፊን ይበልጣል።

ሌሊት ባት የሚሸመቅቃቸው ሰዎች «ሙዝ ብዪ፣ ማግኒዚየም ዋጪ» ይባላሉ። ለአብዛኛው ሰው ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ከመተኛት በፊት ባትን ማፍታታት የተሻለ ነው። ሽንት የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የኩላሊት ወይም የታይሮይድ ችግር ያለባችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። (ነፍሰ ጡር እናቶች ላይ ላዩን መዋኘት ይችላሉ፣ ስኩባ ግን አይመከርም።)

ስትለኩ ከሰዓት በኋላ ለኩ። እግር ቀን ሲውል ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የነበረ ፊን ማታ ያጣብቃል። የምታደርጉት በባዶ እግር ከሆነ ካልሲ አውልቁ፣ በቡትስ ከሆነ ቡትሱን አድርጉ። ቁመቱ ልክ ሲሆን ጣቶቻችሁ እንደልብ ይንቀሳቀሳሉ፣ ተረከዛችሁ ግን ወደ ላይና ወደ ታች አይንሸራተትም። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን አንሱና ሻጩን መቅዘፊያውን ያዝ አድርግልኝ በሉት፤ እየታገላችሁት ሃያ ጊዜ ያህል ምቱ። የእግር ጀርባችሁ ከተጫነ፣ መሃል እግራችሁ ከቆረጠማችሁ ወይም ጣታችሁ ከደነዘዘ፣ በቃ፣ አይሆንም። «ሲለመድ ይሰፋል» የሚለውን አትመኑ። ለቆዳ ጫማ ይሠራ ይሆናል፣ የፊን ላስቲክ ግን እንደ ቆዳ አይሰፋም። ሰፊ ፊን ደግሞ በተቃራኒው እንዳይወልቅ ጣታችሁን አጥፋችሁ እንድትይዙት ያስገድዳችኋል፤ እሱም ቀጥታ ወደ ክራምፕ ይወስዳል።

እዚህ ላይ የስኳር ሕመም ላለባችሁ ቆም ልበል። የእግር ስሜት የቀነሰበት ሰው ፊን ሲልጠው አይሰማውም። ጨው ውሃ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ከዚያ ላስቲክ ይፈገፍገዋል፣ ትንሽ ውሃ የቋጠረች ነገር ትሆናለች፣ በሁለተኛው ቀን ፊኑ ያፈነዳታል። በባህር ውሃ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በተለይ የስኳርና የጉበት ሕመም ባለበት ሰው ላይ ቁስልን በፍጥነት ሊያበላሹ ይችላሉ። ስለዚህ ስስ የዋና ካልሲ አድርጉ፣ በየእረፍቱ ፊኑን አውልቃችሁ እግራችሁን በዓይናችሁ እዩት፣ የተላጠ ካለ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይሸፈን፣ ዋናውም በዚያው ያብቃ። የቲታነስ ክትባታችሁንም አረጋግጡ፤ ይሄኛው ለሁሉም ሰው ነው።

ባህር ሳይሄዱ ጣና ላይ ፊን ለመሞከር ያሰባችሁም ጽፋችሁልኛል። አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፦ ጣና ላይ ቢልሃርዚያ አለ። «እግሬን ፊን ሸፍኖታል» ብትሉም ውሃው ፊኑ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ሰውነታችሁም ውሃ ውስጥ ነው፤ ትሏ የምትገባው በቆዳ ነው።

ውሃ ውስጥ ክራምፕ ቢይዛችሁስ? መጀመሪያ መምታት አቁሙ። በኃይል ልርገጠው ማለት ያባብሰዋል። እጃችሁን አንሱና አጠገባችሁ ላለው ሰው አሳውቁ፣ በጀርባችሁ ተንጋለሉ፣ ተንሳፋፊ ጃኬት ካላችሁ አየር ሙሉበት። ከዚያ የታመመውን እግር ጉልበት ቀጥ አድርጋችሁ የፊኑን ጫፍ ያዙና ወደ ራሳችሁ ሳቡት፣ ሃያ ሠላሳ ሴኮንድ ያህል። ረጅም ፊን ካደረጋችሁ ጫፉ ላይ ለመድረስ ይቸግራል፤ ለዚያ ነው እኔን ሌላ ሰው የገፋልኝ። ሲለቃችሁ ወደ ጀልባው ቀስ ብላችሁ ተመለሱ፤ አንዴ የያዘ ባት በዚያው ቀን ደግሞ መያዝ ይወዳል። አንድ ሌላ ነገር፦ ፊን አድርጋችሁ ወደ ፊት አትራመዱ፣ ትወድቃላችሁ። የግድ ከሆነ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። የሚሻለው ግን ጀልባው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ማድረግ ነው።

አሁን ወደዚያ ሁለተኛው ድንጋጤዬ። እስካሁን ያወራሁት አብዛኛው ላይ ላዩን ለሚዋኝም ለስኩባም ነው። ይሄኛው ግን የስኩባ ነው፤ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ጠላቂ በጀርባው የሚይዘው ሲሊንደር ብዙ ሰው እንደሚለው «ኦክስጅን» አይደለም፤ የታመቀ ተራ አየር ነው፣ አብዛኛው ናይትሮጅን። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። 10 ሜትር ላይ ባህሩ ላይ ካለው እጥፍ ነው፣ 20 ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ። በዚያ ግፊት ናይትሮጅኑ ደማችሁና ሥጋችሁ ውስጥ ይሟሟል። ወደ ላይ ስትወጡ ቀስ ብሎ በትንፋሽ ይወጣል፤ ግፊቱ በአንዴ ሲቀንስ ግን አረፋ ይሆናል። የአምቦ ውሃ ክዳን ስትከፍቱ የምታዩት ነገር ነው፣ ልዩነቱ እዚህ አረፋው መገጣጠሚያችሁ ወይም ነርቫችሁ ውስጥ ነው።

ፊኑ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ጥልቀት ላይ ሆኖ እግር በከባዱ ሲሠራ የደም ዝውውር ይጨምራል፣ ጡንቻው ብዙ ናይትሮጅን ይይዛል። በዚያ ላይ የታመቀ አየር ወፍራም ስለሆነ መተንፈስ ራሱ ይከብዳል፤ ከጠንካራ ፊን ጋር የሚታገል ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምበትና ራስ ምታት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከዚያ ድንጋጤ ይከተላል። የደነገጠ ሰው ደግሞ ወደ ላይ ይሮጣል። አያችሁ፣ ቀላል ፊን የምላችሁ ለባታችሁ ብዬ ብቻ አይደለም።

ቀሪው የመመለሻው ነገር ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ጣርማ በር ላይ ጠጥታችሁ የከደናችሁት ባዶ ሃይላንድ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ተጨማዶ ታገኙታላችሁ። ታች ያለው አየር የበለጠ ስለሚጫን ነው። ሽቅብ ስትመጡ ነገሩ ይገለበጣል። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ላይ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ነው። ለጠላቂ ይህ ማለት ከባህር ወጥቶ እንደገና ወደ ላይ መውጣት ማለት ነው።

ለጠላቂዎች የወጣው የታወቀው መመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓታት፣ ደጋግሞ ወይም ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓታት እንዲቆይ ይላል። ልብ በሉ፣ ይህ የተሰላው የአውሮፕላን ውስጥ አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ድረስ ያለውን ያህል ሲሆን ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያ ትበልጣለች! ሌላው ዓለም ከአውሮፕላን ሲወርድ ወደ ዝቅታ ነው የሚወርደው፤ እኛ ቦሌ ላይ ወርደን 130 ኪሎ ሜትር ነድተን ደግሞ እንወጣለን። በመኪና በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ የሚመጣም አያመልጥም፤ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር ለደብረ ብርሃን ሰው ከመጨረሻው ጥልቀት በኋላ ከመብረራችሁ በፊት ቢያንስ ሙሉ 24 ሰዓታት እንድትቆዩ፣ የሚቻል ከሆነም አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድራችሁ እንድትመጡ ነው።

ከጠለቃችሁ በኋላ ባሉት ሰዓታት ወይም ቤት ከገባችሁ በኋላ ትከሻ፣ ክርን ወይም ጉልበት ላይ የማይለቅ ጥልቅ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የእግር መድከም፣ ማዞር፣ ከመጠን ያለፈ ድካም ወይም የቆዳ ሽፍታ ከመጣ «የመንገድ ድካም ነው» ብላችሁ አትተኙ። ሆስፒታል ሂዱና መጀመሪያ የምትናገሩት ዓረፍተ ነገር «ስኩባ ጠልቄ ነበር፣ በዚህ ሰዓት» የሚል ይሁን። እዚህ ያለ ሐኪም (እኔም ጭምር) ካልተነገረው ይህ ነገር ወደ ሐሳቡ አይመጣም። ኦክስጅን ወዲያው ይጀመራል፣ ግፊት ያለው የሕክምና ክፍል ወዳለበት ቦታም ይታሰባል።

ለእህታችን የመለስኩላት እንዲህ ነው። ረጅሙን ተይው። አጠር ያለው ለስላሳ፣ ሙሉ እግር የሚገባበት ከሆነ፣ ለዌል ሻርኩ ቀን ይበቃሻል፤ ቁርጭምጭሚትሽ ግትር ከሆነና ጉልበትሽ የሚያስቸግር ከሆነ የተሰነጠቀውም አይከፋም። ለስኩባው ቀን አትግዢ፣ አስጠላቂዎቹ ከነቡትሱ ይሰጡሻል፤ «ለስላሳውን» በያቸው። ቲኬት መቀየርም አያስፈልግሽም፣ ቀኖቹን አገላብጡ፦ ስኩባው ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ ዌል ሻርኩ እሑድ። እሑድ ላይ ላዩን ብቻ ዋኙ፣ ትንፋሽ ይዛችሁ ወደ ታች አትውረዱ። እሑድ ማታ አውሮፕላን ስትሳፈሩ ከ30 ሰዓታት በላይ አልፎ ይሆናል።

ትናንት መለሰችልኝ። አስጎብኚው ቀኖቹን ለመቀያየር ተስማምቷል። ፊኑን ግን ገና አልገዛችም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካልሲዋን አውልቃ ልትለካ ነው።